ለርቢ የተሰጠ ወፍጮ

«ነጋዴ ሲጠፋ የነጋዴ ክርክርም አብሮ ይጠፋል» አለን አስተማሪው።

ይህን የሰማሁት በደርግ ዘመን፣ ሆሳዕና፣ የአውራጃው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነው። ሰውዬው ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነበር። የአውራጃውን ጠበቆች ሰብስቦ የንግድ ክርክር ወዴት እያመራ እንደሆነ ገለጻ ይሰጠናል። እንደ እሱ አባባል ትልልቁ ድርጅት ተወርሷል፤ የቀረውም ነጋዴ በአንድ ፈቃድና በተወሰነ ካፒታል ታጥሯል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ግለሰብ ሌላውን በንግድ ነገር የሚከስበት ምክንያት አይኖርም። የመንግሥት ድርጅቶች ቢጋጩም በኮሚቴ ይስማማሉ። «ስለዚህ ጓዶች፣ ከአሁኑ ሌላ ሙያ ብትለምዱ ይበጃችኋል» ብሎ ጨረሰ። አጨበጨብን። ያኔ ለሁሉም ነገር ይጨበጨብ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠው የአውራጃው ጠበቆች አንጋፋ ነው። ፊቱን ከመድረኩ ሳያነሳ «እኔ ንብ ማነብ እጀምራለሁ፤ አንተስ?» አለኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁ። ሳቁ ግን ከላይ ነው፤ ከውስጥ ተናድጄ ነበር። እናቴ «ይህ ልጅ ከማህፀን የወጣው ተከራክሮ ነው» ትል ነበር፤ አልዋሸችም። አይሆንም የተባልኩትን ነገር ካልሆነ ብዬ ሙጭጭ ማለት ከልጅነቴ አለብኝ። በዚያ ላይ የዚያኑ ዕለት ጠዋት አንዲት ነጋዴ የንግድ ክስ ይዛ መጥታ ከሰዓት በኋላ እንድትመለስ ቀጥሬያታለሁ። ይጠፋል የተባለው ክርክር በሬን አንኳኩቶ ገብቶ ነበር።

ከአዳራሹ ስመለስ ከቀበሌ በተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። እትዬ ነው የምላት። ቤተሰቦቿ ከጉራጌ የመጡ ናቸው፤ ከገበያው በላይ በኩል የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ፈቃዱም ሱቁም በእሷ ስም ነው። በሱቁ ሦስት ልጅ ታሳድጋለች።

«ሞተሬን ወሰዱብኝ» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ነገሩን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። በንጉሡ መጨረሻ ዓመታት እሷና ባሏ ከሱቁ ጎን ወፍጮ ቤት ሊከፍቱ አስበው የወፍጮ ሞተር ከነድንጋዩ ከአዲስ አበባ ገዝተው አመጡ። ሳይተክሉት አብዮቱ መጣ። ባሏ ታሞ ሞተ። ቀጥሎ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ አይኖረውም ተባለ። ሱቁን ይዛ ወፍጮ መክፈት ስለማትችል ሞተሩ ጓሮ ዝናብ እየመታው ተቀመጠ። ፎንቆ በሚባል የገጠር መንደር የባሏ የቆየ ወዳጅ የሆነ ገበሬ ነበር። ሞተሩን ወስዶ፣ ቤት ሠርቶ፣ በራሱ ስም ፈቃድ አውጥቶ ለዓመታት ሲፈጭበት ኖረ። አሁን ሰውዬው ሞተ። የበኩር ልጁም «የአባቴ ወፍጮ ነው፤ ፈቃዱም በአባቴ ስም ነው፤ አንቺን አላውቅሽም» አላት።

«የተጻፈ ውል አላችሁ?» አልኳት።

«ምን ውል? የባሌን ላሞች ስንት ዓመት ሲያረባልን አንድ ቀን ወረቀት አልተጻጻፍንም።»

«የግዢው ደረሰኝስ?»

«ባሌ የት እንዳስቀመጠው እሱ ነው የሚያውቀው። ሄደህ ጠይቀው።»

ሁለት ቀን ሙሉ ክሱን ጻፍኩ። ያን ያህል ዓመት የንግድ ሕጉን አንብቤ አንብቤ የምጠቀምበት ጉዳይ ሳጣ የኖርኩ ሰው፣ አሁን የሽርክና ማኅበር የሚለውን ክፍል እንደ ልቤ አቀለጥኩት። ከሳሽ ሞተር አዋጣች፣ ሟች ጉልበትና ቤት አዋጣ፣ ስለዚህ ሽርካዎች ናቸው፤ ሽርክናው በሞት ስለፈረሰ ሂሳብ ይጣራና ድርሻዋ ይሰጣት። አንቀጽ በአንቀጽ ላይ ደረደርኩ። ያን ካድሬ ጠርቼ ባነብለት ደስ ባለኝ ነበር።

ለእትዬ አነበብኩላት። በመሃል እጇን ሰድዳ የኮቴን ጠርዝ እያገላበጠች ስፌቱን አየች። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፤

«ጥሩ ተጽፏል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህን ወረቀት የንግድ ቢሮ ሰው ቢያነበው ነገ ሱቄን ማን ይከፍተዋል?»

ሽርካ ነኝ ካለች ሁለተኛ ንግድ አላት ማለት ነው። ሁለተኛ ንግድ ካላት ደግሞ የሱቁ ፈቃድ ይነጠቃል። ለሞተር ብዬ የልጆቿን እንጀራ በገዛ ፊርማዬ ለመንግሥት ላስረክብላት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። የዚያን ቀን እንዳፈርኩት ከዚያ በኋላ አፍሬ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ነበራችሁ?» አልኳት። «ሽርካ ካልሆናችሁ ምን ነበራችሁ?»

«ለርቢ ነው የሰጠሁት» አለች፤ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን እንደ ጠየቅኋት ሆና። «እንደ ላም።»

እኔ እዚያው ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ይህን እሷ ልታስተምረኝ አይገባም ነበር። በእኛ አገር ግጦሽ ያነሰው ወይም ሀብቱን ሰው እንዲቆጥርበት የማይፈልግ ሰው ላሙን ለሌላ ለርቢ ይሰጣል። አርቢው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ይጠጣል፤ በበዓል ለባለቤቱ ቅቤ ይልካል። ላሟ ግን የሰጪው ናት። ወረቀት የለም፤ ብዙ ጊዜ ጎረቤትም አያውቅም። አርቢው የሞተ እንደሆነ ለቅሶው ሳይነሣ ሽማግሌ ይቆምና «በሟች እጅ የሰው ንብረት ካለ ይነገር» ይላል። ያን ጊዜ ከቤቱ አንድ ሰው ተነሥቶ ይናገራል። ቀን ቆጥረውም ላሟን ከነገመዷ ይመልሳሉ፤ ገመዱን ለባለቤቱ በሁለት እጅ ነው የሚያስጨብጡት። ሟች በሰው ላም አይቀበርም ይባላል።

«በለቅሶው ነበርሽ?» አልኳት።

«ነበርኩ። ሽማግሌው ጠየቀ። የበኩር ልጁ ተነሣና የለም አለ። እኔ ምን ብዬ ልነሣ? በሰው ለቅሶ ላይ ንብረቴን ብዬ እጮሃለሁ? መናገር የቤቱ ሰው ፋንታ ነው።»

የመጀመሪያውን ክስ ቀደድኩትና ሁለተኛውን በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ሽርክና የሚል ቃል አልነበረበትም። ለሟች በአደራ የሰጠሁት ሞተር ይመለስልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም የሚል ብቻ ነው። ፈቃድ የመሥራት መብት እንጂ የንብረት ማስረጃ አይደለም፤ ሠሪው ሟች ነበር፣ ዕቃው የእኔ ነው። ዛሬ ወጣት ጠበቆች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ደንበኛው የማይፈልገውን ጠይቁት እላቸዋለሁ። ይህን ያስተማረችኝ ጨርቅ ሻጭ ናት።

ዳሩ ግን ሕጉ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይነሣል። አይደለም የሚል ያስረዳ። በምን እናስረዳ?

«ስትሰጪው ማን ነበር?»

«እሱና ሚስቱ» አለች እትዬ።

ሚስቱ ማለት የተከሳሹ እናት ማለት ነው።

በማግስቱ ጋሪ ተሳፍሬ ፎንቆ ወረድኩ። ወፍጮው ከሩቅ ይሰማል፤ ቱክ ቱክ ሲል ሰው በጆንያ ተሰልፏል። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ማንነቴን ስነግረው ፈቃዱን ከግድግዳ አንሥቶ አሳየኝ። ክፉ ሰው አይመስልም። ከሞተሩ ጋር ያደገ፣ የሞተሩን ድምፅ እንደ አባቱ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ማየቴ ሥራዬን አላቀለለልኝም።

እናቱን ከቤቱ ጀርባ እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። በሐዲይኛ አማ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ እናት ማለት ነው። ስለ ሞተሩ እንደመጣሁ ስነግራቸው መፋቃቸውን አላቆሙም። ልጃቸው ከበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ ያያል። ቀና ሳይሉ፣

«ጥራኝ» አሉኝ። «በልጄ ላይ በራሴ እግር አልሄድም። ከጠራኸኝ ግን እመጣለሁ።»

«መጥተው ምን ይላሉ?»

«ያየሁትን።»

ከዚህ በላይ አልተናገሩም። ጠበቃ ቃሉን አስቀድሞ የማያውቀውን ምስክር አይጠራም፤ ይህ የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። የተከሳሽን እናት መጥራት ደግሞ ከጅልነትም ይብሳል። በመመለሻዬ ጋሪው ላይ ሆኜ ሳሰላስለው ቆየሁና፣ ሆሳዕና ስገባ ስማቸውን ከምስክሮች ዝርዝር ላይ አንደኛ አድርጌ ጻፍኩት። ሁለተኛ አልነበረም።

የቀጠሮው ቀን ልጁ ጠበቃ አቁሞ መጣ፤ ያ ንብ ማነብ እጀምራለሁ ያለኝ አንጋፋ ነው። ዳኛው ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ፣ ወጣት፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። አማ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። አስተርጓሚው ጎናቸው ቆመ።

«ይማሉ» አለ ዳኛው።

«አልምልም» አሉ አማ።

ችሎቱ ጉም ጉም አለ። አስተርጓሚው ተሳስቶ የሰማ መስሎት ደግሞ ጠየቃቸው። «ጌታ አትማሉ ብሏል። አዎን የምለው አዎን ነው፣ አይደለም የምለውም አይደለም ነው» አሉ። ይህን በዚያ ዘመን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆሞ መናገር ቀላል አይደለም፤ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘግተው ነበር። አንጋፋው ጠበቃ ብድግ አለ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ እውነት የሚናገሩ ቢሆን ከመሐላ ለምን ይሸሻሉ?»

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። ያለ መሐላ ቃል እንደማይቀበል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የማይምሉ ከሆነ ያለ እሳቸው ቃል እንደሚወስን ነገረንና መዝገቡን ለሁለት ሳምንት ቀጠረው።

ወጥቼ ከግቢው ዛፍ ስር ቆምኩ። በአማ ላይ አልተናደድኩም፤ በራሴ ነው። እኔ ያደግሁት በዚያው እምነት ቤት ነው። አባቴ በሕይወቱ አንድ ቀን ሲምል አልሰማሁትም፤ ገበያ ላይ «ማል» ያለውን ሰው ላሙን ሳይገዛው ትቶት ሄዷል። እንደ እኔ ያለ የአማኝ ልጅ፣ የአማኝ እናት ይዞ ችሎት ሲገባ፣ ከሕጉ ሁሉ በፊት ይህን ማሰብ ነበረበት። ኮት ስለብስ የአባቴን ቤት አውልቄ አስቀምጬው ኖሯል።

እትዬ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አለቀ?» አለችኝ።

«አላለቀም» አልኳት። እንዴት እንደማያልቅ አላውቅም ነበር፤ ግን አላለቀም።

የሥነ ሥርዓት ሕጉን ከፊቱ እስከ ጀርባው እንደገና አነበብኩት። ስለ ምስክር አሰማም የሚናገረውን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ፤ መሐላ የሚለውን ስለማውቀው ዓይኔ እዚያው ይቆማል። አሁን ዓይኔን ገፋ አደረግሁት። ምስክር ይማል ብቻ አይልም፤ ይማል ወይም እውነት እንደሚናገር ያረጋግጥ ይላል። ሕጉ የአባቴን ዓይነት ሰው ካሰበው ቆይቷል፤ ያላሰብኩት እኔ ነኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መጽሐፉን ይዤ ወደ እትዬ ሱቅ ስሮጥ ደንበኞች ቆመው አዩኝ።

በዚያው ሳምንት ፎንቆ ያለው ወፍጮ ቆመ። ልጁ ቢሮዬ ድረስ መጣ። ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው ቺንጋ ጠፍቷል፤ ያለ ቺንጋ ሞተሩ ቢጮህ እንጂ አይፈጭም።

«አሰረቃችሁኝ» አለኝ። «ሰው እህሉን ይዞ ይመለሳል።»

አላሰረቅሁም ብዬ ልምል ስል ትዝ አለኝና ተውኩት። «አላሰረቅሁም» አልኩት ብቻ። አላመነኝም። እሱ ከወጣ በኋላ ግን እኔው ራሴ ተጠራጥሬ ወደ እትዬ ሄድኩ። ስጠይቃት የምትለካውን አቡጀዲ አስቀምጣ ቆጣ ብላ አየችኝ።

«እኔ በአደባባይ ከስሼ፣ በጓሮ እሰርቃለሁ?» አለች። «እንዲህ ከመሰልኩህ ሌላ ጠበቃ ልፈልግ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ቺንጋው የት እንደገባ ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ደረሰ። አማ ፎንቆ ድረስ ተልኮላቸው ሳይሆን በራሳቸው ሰዓት፣ ከልጃቸው ጋር በአንድ ጋሪ ነው የመጡት። አንድ ጋሪ ላይ ተቀምጠው አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ ያያሉ። አማ ጆንያ ይዘው ነበር፤ ችሎት ሲገቡም እግራቸው ስር አስቀመጡት። ስንቅ መስሎኝ ልብ አላልኩትም።

ተነሥቼ አንቀጹን አነበብኩ። አንጋፋው ጠበቃ ተቃወመ፤ ማረጋገጥ ለማን እንደተፈቀደ አልተገለጸም አለ። ዳኛው መጽሐፉን ተቀብሎኝ ራሱ አነበበው። ከዚያ ወደ አማ ዞሮ፣

«እውነቱን ብቻ እንደሚናገሩ ያረጋግጣሉ?» አለ።

«አዎን» አሉ። «ሌላ ምን እናገራለሁ?»

ተነሥቼ ሞተሩ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ባላቸው ሞተሩን ከእትዬ ጓሮ በሸክም ሲያስነሣ ቆመው እንዳዩ፣ ባላቸውም «እንደ ላሞቹ ነው፤ እስክትፈልገው ድረስ» ብሎ ቃል ሲሰጥ እንደሰሙ ተናገሩ። አስተርጓሚው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መለሰው። ልጁ ጣሪያውን ያያል።

አንጋፋው ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣ። የፈራሁት ይህን ነው። ሰውዬው ሞተሩን ቢያጣ እንኳ ሌላ በር እንዳለ ያውቃል።

«የወፍጮው ንግድ የማን ነበር፣ እናት? የሁለቱ አይደለም?»

የሁለቱ ካሉ ሞተሩ ይመለስ ይሆናል፤ ሱቁ ግን ሄደ። አማ ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ግራ እንደ መጋባት አሉ።

«ሥራው የባሌ ነው። እሱ ይፈጫል፣ ናፍጣውን እሱ ይገዛል፣ ግብሩን እሱ ይከፍላል። ሞተሩ የእሷ ነው» አሉ። ከዚያ እሳቸውም በተራቸው ጠየቁ፤ «ላሙን ለርቢ የሰጠ ሰው ወተት ሻጭ ይባላል እንዴ?»

ዳኛው ይህን ሲጽፍ ብዕሩ ሲጭር ይሰማ ነበር። እኔ የንግድ ሕጉን አንብቤ ስንት ገጽ የጻፍኩበትን ነገር እንሰት ፋቂዋ በአንድ ጥያቄ ጨረሱት።

«ከወፍጮው ምንም አላገኘችም?» አንጋፋው አልለቀቀም።

«በመስቀል ቅቤ እንልክላታለን። እሷም ለልጆቼ ልብስ ትልካለች። ይሄ የተቀመጠው ልጄ ያስቀደሰ ጊዜ፣ አይ፣ ትምህርት ቤት የገባ ጊዜ የለበሰው የእሷ ካኪ ነው።»

በአስተርጓሚው ስህተት ችሎቱ ውስጥ ጥቂት ሰው ሳቀ፤ አማ ጸሎት ቤት የሚሄዱ እንጂ የማያስቀድሱ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እህሏንስ በነፃ ታስፈጭ ነበር?»

«ከፍላ ነው። ከሰው ኋላ ተሰልፋ ነው። ቅደሚ ስላት እንቢ ትለኝ ነበር።»

አንጋፋው «ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው ምስክሯን ሊያሰናብት ሲል አማ ጎንበስ ብለው ጆንያውን ፈቱ። የወጣው ተጠቅልሎ የታሰረ፣ ዘይት የጠገበ ጥቁር ቺንጋ ነው። ልጁ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሽማግሌው በለቅሶው ሲጠይቅ ልጄ የለም አለ» አሉ አማ። «በኩር ሲናገር እናት አትናገርም፤ ዝም አልኩ። ባሌ በሰው ላም ተቀብሮ ይኸው ስንት ወሩ። ላም የምትመለሰው በገመዷ ነው። የዚህች ገመድ ይህ ነው።»

ወደ እትዬ ዞረው በሁለት እጃቸው ዘረጉት። አስተርጓሚው ይህን ሊተረጉም አፉን ከፍቶ ተወው። እትዬ ዳኛውን አየች፣ እኔን አየች፤ ከዚያ ተነሥታ በሁለት እጇ ተቀበለች። እኔ ችሎት ውስጥ አላለቅስም የምል ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ወረቀቴን ሳስተካክል ነው የዋልኩት። ልጁ ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠና ዳኛው የሚለው ነገር እንዳለ ሲጠይቀው የለኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ። የእናቱን ቃል ሐሰት ነው ማለት አልቻለም።

ፍርዱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ተነበበ። ሞተሩ ከነድንጋዩ ለከሳሽ ይመለስ። ስለ ሽርክና፣ ስለ ሁለተኛ ንግድ አንድ ቃል የለበትም፤ ያልተጠየቀ አልተፈረደም። አንጋፋው ጠበቃ በሩ ላይ ጨብጦኝ «ንቦቼ ይጠብቁኛል» ብሎኝ ሄደ።

ሞተሩ በጭነት መኪና ሆሳዕና ሲመጣ ሰው ሳቀባት። ወፍጮ መክፈት አትችል፤ ለማን ልታደርገው ነው? ለገበሬዎቹ ማኅበር ሽጪው ያላት ብዙ ነው። እኔም አልኳት። «ላም ደረቀች ተብላ አትጣልም» አለችኝና በሸራ ሸፍና ጓሮዋ አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሸራውን ገልጣ ግሪስ ትቀባዋለች። ከእሷ ሱቅ የገዛነው ነጠላ ግሪስ ግሪስ ይላል እያልን እናሾፍባት ነበር። ቺንጋውን ግን ጓሮ አላስቀመጠችም፤ ሱቁ ውስጥ ከጨርቁ በላይ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ዓመታት አለፉ። በደርግ መጨረሻ ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፤ ሰው እንደ ልቡ ነግዶ ይደር ተባለ። ያ ካድሬ የት እንደነበረ አላውቅም። እትዬ ፈቃድ አወጣች፤ ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአንድ ገጽ።

ወፍጮው በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ የገበያ ዕለት እኔም ገብስ አስይዤ ሄድኩ። ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል። አማ ከፎንቆ መጡ፤ አርጅተዋል፣ በትር ይዘዋል። ጆንያቸውን የተሸከመው ያው የከሰስነው ልጃቸው ነው። እትዬ ዱቄት የነካውን እጇን እያራገፈች ከውስጥ ወጣች።

«አማ፣ ይምጡ፣ ይቅደሙ። ለእርስዎ ሰልፍ የለም።»

አማ እንቢ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺም ተሰልፈሻል» አሉና ከሁላችን ኋላ ሄደው ቆሙ።

እትዬ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መፍጨቱን ለሠራተኛዋ ትታ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ተራቸው እስኪደርስ ድረስ ሁለቱም አልተቀመጡም።